በጧፍ የተጠቀለለው ሽቦ

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቁታል። ውሻ ሲጮህብኝ መንገድ እቀይራለሁ። ፖሊስ ሳይ ያላጠፋሁትን ጥፋት አስባለሁ። እኩዮቼ የጣልያንን ዘመን ሲያወሩ ሁሉም ጀግና ነው፤ ጫካ ያልገባው እንኳ በጓዳው ጥይት ሲደብቅ የኖረ የውስጥ አርበኛ ነው። እኔ ጥይት አልደበቅኩም። በዚያ ዘመን ሠራሁ የምለው ነገር ቢኖር የአንዲት መኪና የዝናብ መጥረጊያ ነው። እሱም ቢሆን ሊያስገድለኝ ጥቂት ነው የቀረው።

ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ከወረራው በፊት አንድ መኳንንት ቤት በሾፌር ረዳትነት ገብቼ ነበር። ጌታዬ እጄ ቀልጣፋ መሆኑን አይተው ከአንድ አርመን መካኒክ ዘንድ ላኩኝና እዚያ ተማርኩ። አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጥቁር፣ ፋኖሶቿ እንደ ሰሐን የሚያበሩ የአውሮፓ መኪና ነበረቻቸው። እኔ ነበርኩ የማጥባት፣ እኔ ነበርኩ ባትሪዋን የምመግባት። ጣልያን ሲገባ ጌታዬ ተይዘው ወደ ባሕር ማዶ ተጋዙ፤ መኪናቸውን አንድ የጣልያን መኮንን ወሰዳት። እኔም ሥራ ፈትቼ ጥቂት ከከረምኩ በኋላ ከሰንጋ ተራ ወረድ ብሎ ጣልያኖች ከከፈቱት ጋራዥ ተቀጠርኩ። ለምን ጠላት ቤት ገባህ ብሎ የሚቆጣኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ ርቦኝ ነበር።

እናቴ ጧፍ ሠሪ ናት። ቤታችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው መንደር ነበር፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጣ ለሳሚው ሁሉ ጧፍ ትሸጥ ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እኔን ያሳደገችኝ በሰም ነው ማለት ይቻላል። የጥጥ ፈትሉን በሞቀው ሰም ውስጥ ስትስበው፣ ከዚያም በሁለት መዳፏ መካከል ስታሽከረክረው፣ ዓይኗን እንኳ ወደ እጇ አትመልስም። እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አንድ ቀጥ ያለ ጧፍ አልወጣልኝም፤ የእኔ ጧፍ ሁልጊዜ ወገቡ የተሰበረ ሽማግሌ ይመስል ነበር። ትስቅብኛለች።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው የየካቲቱ እልቂት በተፈጸመ ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። በየካቲት በጣልያኑ ሹም ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከተማችን ሦስት ቀን ስትታረድና ስትቃጠል እናቴና እኔ ከቤታችን ጓዳ በጆንያ ተሸፍነን ነው ያሳለፍነው። ከዚያ ወዲህ ጣልያኖቹ እኛን ሲያዩ ፊታችንን ትተው እጃችንን ነበር የሚያዩት። ምን ይዟል? ምን ሊወረውር ነው? እኛም ስንሄድ እጃችንን ከነጠላ ውስጥ አውጥተን መሄድ ለመድን። ደግሞ አርበኞች የስልክ ሽቦ ይቆርጡ ስለነበር ሽቦ ይዞ የተገኘ ሰው ማንነቱ ሳይጠየቅ ይሰቀል ነበር። አንድ ክንድ ሽቦ ለአንድ አንገት ይበቃል እየተባለ በመንደራችን ይቀለድ ነበር። ሳቁ ግን ከአፍ አያልፍም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመኮንኑ ሾፌር፣ ራሱም ጣልያን የሆነ ወታደር፣ ያችን ጥቁር መኪና ይዞ ጋራዡ ግቢ ገባ። የጌታዬን መኪና ሳያት ሆዴ ባባ። በጭቃ ተለውሳለች። የጋራዡ አለቃ፣ ካፖ ነበር የምንለው፣ ጠራኝና በለመዳት ጥቂት አማርኛ፣

«የዝናብ መጥረጊያ ሞቷል። መኮንኑ ነገ ወደ አምቦ ይሄዳል። ዛሬ አሥር ሰዓት ይለቅ» አለኝ።

የዝናብ መጥረጊያ ዛሬ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው። በዚያች መኪና ላይ ታዲያ መጥረጊያውን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር የተቀመጠችው ከፊት መስታወቱ አናት፣ ከውስጥ በኩል፣ ከሾፌሩ ጎን ከሚቀመጠው ሰው ግንባር ትይዩ ነበር። ማብሪያዋም እዚያው ጎኗ ላይ ነው። ከባትሪው የተነሳ አንድ ሽቦ ከመሪው ሥር ይወጣና በመስታወቱ ጠርዝ ሽቅብ ተጉዞ ሞተሯ ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪኩ መመለሻ የመኪናዋ ብረት ራሱ ነው። ስለዚህ የሽቦው ልብስ ተገፎ መዳቡ ብረቱን ከነካ ጉድ ፈላ፤ ብልጭ ይላል፣ ይጨሳል፣ ይነድዳል።

ሽቦውን ስስበው ልብሱ እንደ ደረቀ ዳቦ በጣቶቼ መካከል ተፈረፈረ። መዳቡ ደህና ነው፤ የላዩ ጎማ ነው ያለቀለት። አዲስ ሽቦም፣ ናስትሮ የሚባለው ጥቁር መጠቅለያም መጋዘን ውስጥ ሞልቷል፤ ግን ለጦሩ የጭነት መኪናዎች ብቻ ነበር የሚወጣው። ካፖውን ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጨርቅ ልጠቅልልበት እችል ነበር፤ ግን ጨርቅ ዝናብ ሲነካው ውኃ ይጠጣና ከራቁት ሽቦ አይሻልም። ውኃ የማያስገባ፣ ቀጭን፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ነገር ያስፈልገኛል። ቆሜ ሳስብ የእናቴ ጧፍ ትዝ አለኝ። ጥጥና ሰም። ውኃ ሰምን አያልፍም፤ ኤሌክትሪክም እንዲሁ።

ዛሬም ስለዚህ ሐሳብ ሳወራ ትንሽ እኮራለሁ። አርመኑ መምህሬ ቢያይ ያጨበጭብልኝ ነበር።

ጣልያኖች ከምሳ በኋላ መተኛት ይወዳሉ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጋራዡ ጭር ይላል፤ እኛም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሽቦውን ሸሚዜን ገልጬ ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት። ይህ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ፍርሃት። ከጋራዡ በር እስከ ቤታችን ያለው መንገድ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ መሐሉ ላይ የጣልያን ኬላ ነበር። በዚያ ቀን አንድ ሰዓት የተጓዝኩ መሰለኝ። ኬላው ላይ ያለው ወታደር እጄን አየ፣ ኪሴን ዳበሰ። እጁ ከወገቤ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ከበስተኋላዬ ያለች ሴት ቅርጫቷ ተገለበጠና ድንች ተበተነ፤ ወታደሩ ሳቀና እለፍ አለኝ። አለፍኩ። የዚያችን ሴት ድንች እንኳ አላነሳሁላትም።

ቤት ስደርስ እናቴ ሰሟን እሳት ዳር አስቀምጣ ነበር። ሸሚዜን ገልጬ ሽቦውን ስፈታ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሽቦ ነው። ፈትል ጠቅልለሽ እንደ ጧፍ ሰም አልብሺልኝ። ቶሎ፤ ጊዜ የለኝም።»

«ለምን የሚሆን?»

«እማዬ፣ አትጠይቂኝ።»

«የማን ነው?»

«የመኮንኑ መኪና ነው። አሁን አትጠይቂኝ አልኩሽ! ሳታውቂ ብትቀሪ ይሻልሻል።»

ቁጡ ነበርኩ። ፈሪ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ቁጡ ነው፤ ውጭ የዋጠውን ጩኸት በሚወዱት ሰዎች ላይ ያወጣዋል። እኔ ያሰብኩት ሽቦ ይዤ መውጣቴ ቢታወቅ እሷ ምንም የማታውቅ እንድትሆን ነው። ይህንን ግን በወጉ አልነገርኳትም፤ ጮህኩባት እንጂ።

ሽቦውን ተቀበለችኝና በጣቷ ለካችው። ከዚያ ፈትሏን አመጣች። ሽቦው ላይ ፈትል ስታጠነጥን፣ ሰሙ ውስጥ ስትስበው፣ በመዳፏ ስታሽከረክረው ቆሜ አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለች።

«አንተስ? አንተ እዚያው ትሆናለህ?»

«የት ልሄድ?» አልኩ፤ እኔ ያሰብኩት ስለ ሥራዬ ነው።

ራሷን ነቅንቃ ሥራዋን ቀጠለች። ሲያልቅ ሽቦው ረጅም፣ ቢጫ፣ የማር ሽታ ያለው ጧፍ ሆነ። እንዲህ ያማረ የሽቦ ልብስ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ወገቤ ላይ እንደገና ስጠመጥመው እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቆየች። ቸኩዬ ስለነበር እጇን ከትከሻዬ አነሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ሽቦውን ዘረጋሁ፣ አሰርኩ። መስታወቱ ላይ ውኃ አፍስሼ ብሞክረው መጥረጊያው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አለ። አንድ ነገር ግን ጎደለኝ፤ ፊውዝ። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ራሷ ተቃጥላ ሽቦውን የምታድን ትንሽ ነገር ናት። የመኪናዋ ፊውዝ ተቃጥላለች፤ መለዋወጫዋ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። መካኒክ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ በቦታዋ አንድ ቁራጭ መዳብ አጋድሜ ዘጋሁት። በአሥር ሰዓት ሾፌሩ መጥቶ መኪናዋን ነድቶ ወጣ። ካፖው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ደስታዬ የሰነበተው እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው። ጠዋት ስነሳ ዝናቡ ጣሪያችንን ሲደበድብ ሰማሁ፤ በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ታየኝ። መጥረጊያው በጭቃ ተይዞ መንቀሳቀስ ቢያቅተውስ? ሞተሯ ትታገላለች፤ ስትታገል ብዙ ኤሌክትሪክ ትስባለች፤ ሽቦው ይግላል። ፊውዝ የለም። ሽቦው ሲግል ሰሙ ይቀልጣል፣ ጥጡ ይነድዳል። ሰም ያለበት ጥጥ! ለመንደድ ተብሎ የተሠራ ነገር! እኔ ደንቆሮው በጣልያን መኮንን ግንባር ፊት ጧፍ ዘርግቼ መጣሁ። ጢስ አንዴ ብን ካለ ማን ነው ስለ ፊውዝ የሚጠይቀው? ቦምብ ተጠመደ ይባላል። ሽቦውን ማን አሰረ? የቀድሞው ጌታ አሽከር። ሰሙን ማን ሠራ? እናቱ። ከዚያ መንደሩ።

ላብ አጠመቀኝ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም።

እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና ልደታ እናውቃለን። ሥራ ገብቼ በር በተከፈተ ቁጥር እደነግጣለሁ። እንጀራ አፌ ውስጥ ይንከባለላል እንጂ አይዋጥም። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎራ እልና ግንባሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ እመቤቴ ሆይ፣ ዝናቡን ያዥልኝ እላለሁ። በሐምሌ! ገበሬው ሁሉ ስጪን እያለ ሲለምን አንድ ጋራዥ የሚሠራ ሰው ያዥልኝ ሲላት ምን ብላ ይሆን? ዝናብ ከሌለ መጥረጊያው አይነካም፤ ካልተነካ አይግልም። ሁለቱን ቀን ዝናቡ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጸሎቴ ተሰማና ሰማዩ ጥርት አለ። ከጥቅምት ተሰርቆ የመጣ ፀሐይ ይመስል ነበር። እፎይ አልኩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ለምሳ ልንወጣ ስንል፣ ያች ጥቁር መኪና ግቢው ገባች። ከኋላዋ አራት ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች በሌላ መኪና ተከትለዋል። ሾፌሩ መኪናዋን ግቢው መሐል አቁሞ ፈጥኖ ወረደና ሸሸት አለ። መኮንኑ ከሌላኛዋ መኪና ወረደ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አስተርጓሚው ከጎኑ ነው። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

ሠራተኞቹን ሁሉ ግድግዳው ጥግ አስቆሙን። ካፖው በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

አስተርጓሚው ዓይኔን ሳያይ ተናገረ። መኮንኑ መንገድ ላይ ዝናብ ሲጀምር መጥረጊያውን ሊያበራ እጁን ሲሰድ፣ ሞተሯ ውስጥ የሚገባውን ቢጫ ገመድ አየ። በጥፍሩ ቢፍቀው ሰም ሆነ፤ ከሰሙ ሥር ፈትል፤ ከፈትሉ ሥር ሽቦ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነውና የድማሚት ክር መሰለው። ዘሎ ወረደ። ባሩዱን ፈልገው ቢያጡትም፣ ሞተሯን ለመክፈትም ማብሪያውን ለመንካትም የደፈረ አልተገኘም። ሁለቱን ቀን ሾፌሩ ራሱን በመስኮት እያወጣ ነው የነዳው፤ መኮንኑም በሌላ መኪና ነው የተጓዘው። እኔ ያበሩታል እያልኩ ስቃጠል እነሱ ለካ እንዳይነኩት እየሸሹት ነበር።

«ምን እንደሆነ ተናገር ይሉሃል» አለ አስተርጓሚው።

«ጧፍ ነው ጌታዬ። ናስትሮ ስላጣሁ ነው።»

«ማን ሠራው ይሉሃል።»

«እኔ።»

መኮንኑ ሰምቶ ጥቂት አሰበ። ከዚያ በጣቱ መኪናዋን አሳየኝ። አስተርጓሚው መኪናዋን አየ፣ እኔን አየና ተረጎመ።

«ግባና ራስህ አብራው ይሉሃል። እኛ እዚያ ሆነን እናያለን። ከመኪናው ብትወጣ ይተኩሳሉ። ጢስ ብናይም ይተኩሳሉ።»

ገባሁ። በመሪው በኩል ተቀመጥኩ። እነሱ ከመጋዘኑ ግንብ ኋላ ሄዱ፤ ጠመንጃዎቹ ብቻ በግንቡ ላይ ይታያሉ። ከፊቴ ያለውን መስታወት አየሁት። የሁለት ቀን ጭቃ ተለጥፎበት፣ በዚያ በለመንኩት ፀሐይ ደርቆ፣ እንደ ተመረገ ግድግዳ ሆኗል። መጥረጊያው ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል። ባበራው አይንቀሳቀስም። ካልተንቀሳቀሰ ሽቦው ይግላል። አንድ ባልዲ ውኃ ብቻ! ሁለቱን ቀን ሲወርድ ከነበረው ዝናብ አንድ ጭልፋ! እመቤቴ የለመንኳትን ሰጥታኝ ልሞት ነው።

«ውኃ!» ብዬ ጮህኩ። «መስታወቱ ላይ ውኃ አፍስሱልኝ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደዚያች መኪና ማን ይቀርባል? አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ጭምር ግድግዳው ላይ ተለጥፈው መሬት መሬቱን ያያሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። እጄን ወደ ማብሪያው አነሳሁ። ጣቴ ከማብሪያው ሌላ ቦታ ሁሉ ነካ።

በዚያ መሐል በግቢው በር እናቴ ገባች።

ለምሳ ሳልመጣላት ስቀር ጊዜ ቋጥራልኝ መምጣቷ ነው። በአንድ እጇ ቋጠሮ፣ በሌላው ውኃ የሞላ ጠርሙስ ይዛለች። በሩን የሚጠብቀው ሰው ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ላይ ስለነበር የከለከላት የለም። ቆም ብላ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሰዎች አየች፣ ጠመንጃዎቹን አየች፣ ብቻዋን የቆመችውን መኪና አየች። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

አፌ ከልቤ ቀደመ።

«እማዬ፣ አትቅረቢ! ተመለሽ! አትቅረቢ!»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። መኪናው ምንም የሌለበት ከሆነ ሰው እናቱን አትቅረቢ ብሎ ለምን ይጮሃል? አስተርጓሚው የተናገርኩትን ወደ ጣልያንኛ ሲመልሰው ሰማሁ። ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው። የጠመንጃዎቹ ምላጭ ቀጭ ቀጭ አለ። በገዛ አፌ በሁለታችን ላይ ፈረድኩ።

እናቴ አልተመለሰችም። እርምጃዋንም አላፈጠነችም። መኪናዋ ፊት ደርሳ በመስታወቱ ውስጥ ልታየኝ ሞከረች፤ ጭቃው ከልሎኛል። ጠርሙሱን ከፈተችና ውኃውን በሙሉ መስታወቱ ላይ አፈሰሰችው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እኔ በተቀመጥኩበት በኩልም በሌላውም በኩል። ከዚያ ግንባሯን ወደ መስታወቱ አስጠግታ አየችኝ። ዓይኖቿ ደርቀው ነበር። ብዙ ቆየች። ዞራ በሩን ከፈተችና ከጎኔ፣ መኮንኑ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሩን ሳበችው። ማማተቧን አስታውሳለሁ።

«አብራው» አለችኝ።

አበራሁት። ሞተሯ መጀመሪያ ጉምም አለች። ከራሳችን በላይ የማር ሽታ ሸተተኝ፤ ሽቦው መሞቅ ጀምሯል። አንዲት የቀለጠ ሰም ጠብታ የእናቴ ነጠላ ላይ ወደቀች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ኪርር የሚል ድምፅ ሰማሁና ስገልጥ መጥረጊያው ከተቀበረበት ወጥቶ እርጥቡ መስታወት ላይ ሄደ፤ ተመለሰ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ጢስ የለም። ምንም የለም። በጠራው መስታወት ውስጥ ጠመንጃዎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ አየሁ።

መኮንኑ መጣ። እሱም ላብ አጥምቆታል። እጁን በመስኮት አስገብቶ አጠፋው፣ አበራው፣ አጠፋው። ካፖው ላይ በጣልያንኛ አንድ ነገር ጮኸበት፤ ካፖው ደግሞ እኔን በጥፊ መታኝና መጋዘኑን ከፍቶ አንድ ሙሉ ጥቅል ናስትሮ ወረወረልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያስቃየኝ ነገር በአንድ ጥፊ ተገኘ። የእናቴን ሽቦ ፈትቼ በአዲስ ሽቦና በናስትሮ ተካሁት፤ ፊውዝም ሰጡኝ። አሮጌውን ሽቦ ከጋራዡ ማውጣት ስለማይቻል ፈትሉንና ሰሙን ልጬ ለእናቴ ሰጠኋት። ጨብጣ ያዘችው።

ማታ አልነበረም፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ካፖው ግን ዓይንህን አልይ ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። በሰንጋ ተራ በኩል ወጣን። ከብቶቹ ገበያ ላይ ይራገጣሉ፣ ነጋዴዎቹ ይጯጯሃሉ፣ ዓለም እንደነበረች ናት። እኔ የእናቴን ክንድ ይዤ ነበር የምሄደው። ልቤ ውስጥ ያለው ኩራት ነው። ያን ሁሉ ጠመንጃ ያዥ ያስፈራው ሽቦ እሷን ያላስፈራት በእጇ ስለሠራችው ነው ብዬ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ምንም እንደሌለበት ስለምታውቂ ነው አይደል የገባሽው?»

ቆመች።

«እኔ ከየት አውቄ? አትጠይቂኝ ብለኸኝ የለ?»

«እንዴ! ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?»

ግራ ቀኟን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የሚፈነዳ ነገር ነዋ። መኮንኑን ልትገድልበት። ሽቦውን ከወገብህ ስትፈታ ጊዜ አውቄዋለሁ አልኩ። ሳጠነጥነውም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ አብራው ስልህም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።»

እኔ የዝናብ መጥረጊያ ስጠግን እናቴ፣ ጧፍ ሻጯ፣ ሳትጠይቅና ሳታለቅስ የድማሚት ክር ሠርታ ሰጥታኛለች። መስታወቱንም የጠረገችው ፊቴን ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው ነው።

«ታዲያ ለምን ገባሽ?» አልኳት። «ይፈነዳል ብለሽ እያሰብሽ ለምን ገባሽ?»

ይህን ጊዜ ተቆጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ታዲያ ብቻህን ልስደድህ?» አለችኝ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታችና አንድ ጉርሻ ጠቅልላ፣ ሰም በለበሰ እጇ፣ መንገድ መሐል ወደ አፌ አስጠጋችው። «በል ጉረስ፤ ቀዝቅዟል።»